ከማዕዘኑ እስከ ቦኖው

ቤታችን ከቦኖው ሩቅ አልነበረም። በራችን ላይ ቆሞ የሚጣራ ሰው ውሃ መቅጃው ጋ ይሰማል። የሰፈራችን ቤቶች የጣውላ ነበሩ፤ ግድግዳቸው ተያይዞ ከእኛ በር ተነስቶ እስከ ማዕዘኑ ይሄድና እዚያ ያልቃል። ከማዕዘኑ እስከ ቦኖው ያለው ባዶ አሸዋ ነው። ዛፍ የለው፣ አጥር የለው፣ ሰው እጁን የሚያሳርፍበት አንድ ነገር የለው። ጤነኛ ሳለሁ በየቀኑ እየተመላለስኩበት እንደ ቦታ እንኳ አልቆጠርኩትም። ግራ ጎኔን ከተመታሁ በኋላ ግን ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ካለው መንገድ ይልቅ እሱ ረዘመብኝ።

ስለ ቦኖው አስቀድሜ ልናገር። ውሃ የሚከፈተው ማለዳ ነው፤ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ይዘጋል። በአሰብ ሙቀት ተሰልፎ መቆም ስለማይቻል ማንም ራሱ አይሰለፍም፤ ቆርቆሮውን ያሰልፋል። ማታውኑ ቆርቆሮሽን ከመጨረሻው ኋላ ታስቀምጪና ቤትሽ ትገቢያለሽ። አንዱ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው፣ አንዱ የዘይቱ ሥዕል ያልለቀቀው፣ አንዱ እጀታው በሽቦ የታሰረ። ስንቆይ ቆርቆሮውን አይተን ባለቤቱን የምናውቅ ሆንን።

መጀመሪያ ላይ ይህ ጥሩ ነበር። ኋላ የነዳጅ ማጣሪያው ሥራ ጀምሮ ከተማው በሰው ሲሞላ፣ ሻይ ቤቶቹ፣ ትልልቆቹ ቤቶች፣ የጭነት መኪና ረዳቶችም ሳይቀሩ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ደርድረው ይሄዳሉ፤ ልጅ ያዘለች ሴት ባዶዋን ትመለሳለች። ይህ ግፍ ነው ብዬ ተነሳሁ። ከስንቱ ተጣልቼ፣ የስንቱን ቆርቆሮ በእግሬ ገልብጬ አንድ ሕግ አቆምኩ። ቆርቆሮ ቦታ ይይዛል፤ ውሃ የሚቀዳው ግን ከቤቱ አንድ ሰው በእግሩ ሲመጣ ነው። ለመጣ ሰው አንድ ቆርቆሮ። ያልመጣ ይዘለላል፤ ማንም ቢሆን።

ማንም ቢሆን ስል ማንም ማለቴ ነበር። ሁለት ቤት አልፋ የምትኖረው የዘበኛው ሚስት አንድ ጊዜ እግሯ ወለም ብሏት፣ ለዛሬ ቅዱልኝ ብላ ላከች። እኔ እምቢ አልኩ። ባሏን ተደግፋ እያነከሰች መጥታ ቀዳች። ዛሬም ቢሆን ልክ ነበርኩ እላለሁ። ለአንዷ ወለምታ ከታለፈ ለሌላዋ ራስ ምታት ይታለፋል፤ ለሦስተኛዋ እንቅልፍ። እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምራ ሰላምታዋን አሳጠረችብኝ። ድሮ ልጆቼን፣ ወገቤን፣ ሌሊቱን ሳይቀር ትጠይቀኝ የነበረችው ሴት፣ ራሷን ነቅንቃ ማለፍ ጀመረች።

እኔን የመታኝ በዚያው ሰሞን ነው። ዛሬ ስትሮክ ይሉታል፤ ያኔ "መታት" ብቻ ነበር የሚባለው፤ ምን እንደመታት የሚጠይቅ የለም። መተዳደሪያዬ ወደብ ላይ የተቀደዱ የቡና ጆንያዎችን ቤቴ እያስመጣሁ በወስፌ መስፋት ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጆንያውን የያዘው ግራ እጄ ለቀቀው። አንሳው ብዬ አዘዝኩት፤ አልታዘዘኝም። ልጄን ልጣራ ስል አፌ ወደ ጎን ሄደ።

ሐኪም ቤት ሰነበትኩ። አፌ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጎረቤቶቼ በዚህ ደስ ይበላቸው ይዘኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። እጄም ቀስ እያለ መጨበጥ ጀመረ። እግሬ ግን በግማሽ ልቡ ነው የመጣው። ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለኝ፣ ስራመድ ግራ እግሬ እንደ ማጭድ ወደ ውጭ ዞሮ፣ የጫማዬ ጫፍ መሬቱን እየጫረ ነው ፊት የሚደርሰው። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ሲያሰናብተኝ፣ "ይራመዱበት እማማ፤ ካልተራመዱበት ይደርቃል" አለኝ።

ተራመድኩበት። ሴት ልጄ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው፤ በማጣሪያው ሠራተኞች ምግብ ቤት ትሠራ ስለነበር ሳይነጋ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ነው የምትመለሰው። ከሐኪም ቤት በወጣሁ ሰሞን፣ እሷ ከወጣች በኋላ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ ወደቅኩ። አልተሰበርኩም፤ አልደማሁም። መነሳት ግን አቃተኝ። ጀርባዬ ሲሚንቶው ላይ፣ ዓይኔ ጣሪያው ላይ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሲግል ይንጣጣል፤ እሱን እየሰማሁ ዋልኩ። ወተት ሻጯ መጥታ በሩን መታች። ብጮህላት በሩን ገንጥላ ትገባ ነበር። አልጮህኩም። እንደተገለበጠ ጥንዚዛ ሆኜ ሰው እንዲያየኝ አልፈለግሁም። ልጄ ስትመለስ ቀሚሴ ረጥቦ አገኘችኝ፤ አንስታ አጠበችኝ።

ከዚያ ወዲያ መሬት ፈራሁ። አንድ እግር እንዲነሳ ሌላው መታመን አለበት፤ እኔ ደግሞ ግራዬን ማመን ተውኩ። ግድግዳውን ይዤ፣ በጎን በጎኔ፣ እንደ ሸርጣን መሄድ ጀመርኩ። ጣውላው ፀሐይ ሲያገኘው እጅ ይፈጃል፤ ስለዚህ በጥላው ሰዓት ብቻ ወጥቼ እስከ ማዕዘኑ እሄዳለሁ። እዚያ ስደርስ እጄ የሚይዘው ያልቃል። ባዶውን አሸዋ አያለሁ። እመለሳለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ውሃ ከቤታችን አልጠፋም። ልጄ ማታ ቆርቆሯችንን ታሰልፋለች፤ ጠዋት ሞልቶ በራችን ላይ ይገኛል። ማን እንደሚሞላው ደጋግሜ ጠየቅኳት፤ ነገሩን እያለባበሰች ከረመች። በመጨረሻ አወጣችው። ቆርቆሯችን የትም ቢቀመጥ ሴቶቹ አንስተው ከሁሉም ፊት ያደርጉታል፤ ተራ በተራ ቀድተው ያመጡልናል። ሐሳቡን ያመጣችው ማን ናት ብላችሁ ነው፤ የዘበኛው ሚስት። "ለእሷስ ሕጉ ይቅርላት፤ ከእንግዲህ ምን ቀርቷት" ብላለች።

ሲሚንቶው ላይ ከዋልኩበት ቀን ይልቅ ይህ አመመኝ። በማግስቱ ግድግዳዬን ይዤ ማዕዘኑ ድረስ ሄድኩና ጮህኩ። ቆርቆሮዬን ወደ ቦታው መልሱ አልኩ። የዘበኛው ሚስት እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ አየችኝ።

"እትዬ፣ ወደ ቦታው ከተመለሰ ማን ይቀዳልሻል?"

"ሕጉ ምን ይላል?"

"ሕጉማ በእግሩ ይምጣ ይላል።"

"እንግዲያው ዝለሉት።"

ዘለሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ከሥራ ስትመለስ በአህያ ከሚያዞረው ሰውዬ የጉድጓድ ውሃ መግዛት ያዘች። ጨው ጨው ይላል፤ ሻዩ እንባ የተጨመረበት ይመስል ነበር። አንድ ቀን ስኒውን አስቀመጠችና፣ "ሕጉን ያወጣሽው አንቺ፤ ጨው የምጠጣው እኔ" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ስለዚህ ተቆጣኋት።

ወንድ ልጄ ከአሰብ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹ ደሴ ናቸው። ከታመምኩ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ ከአዲስ አበባ የሚያብረቀርቅ፣ ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ከዘራ ይዞልኝ መጣ። ከከዘራው ጋር ውሳኔም ይዞ መጥቶ ነበር። ደሴ እንድሄድ ተነጋግረው ጨርሰዋል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው አለ፤ ውሃው ግቢ ውስጥ ነው፤ የልጅ ልጆቼ አሉ፤ ምራቴ ክፍል አሰናድታለች። የራሷን ውሃ የማትቀዳ ሴት አሰብ ላይ እንዴት ትኖራለች ብሎ ጠየቀኝ።

የልጅ ልጆቼን እወዳለሁ። ምራቴም ክፉ ሴት አይደለችም። ነገር ግን ደሴ ዳገት ናት። ደግፈው ሲያስወጡኝ፣ ደግፈው ሲያስገቡኝ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከወንበር ወንበር ሲያዛውሩኝ ታየኝ። ሲሚንቶው ላይ የዋልኩት አንድ ቀን ነው፤ ይሄኛው ግን እስክሞት መሆኑ ነው። አሰብ ደግሞ ባሌን የቀበርኩባት፣ ሁለት ልጅ ያሳደግኩባት፣ ተናግሬ የምደመጥባት ከተማ ናት።

ውል እንግባ አልኩት። በሚቀጥለው ጭነት እስክትመለስ በእግሬ ቦኖው ጋ ሄጄ ቆርቆሮዬን ካስሞላሁ ትተወኛለህ። ካልቻልኩ ያለ ጭቅጭቅ ጋቢና እወጣለሁ።

"ያለ ጭቅጭቅ?" አለና እህቱን ዞር ብሎ አየ። "አንቺ ምስክር ነሽ።"

ከዘራው ለአስፋልት የተሠራ ኖሯል። በር ላይ ወጥቼ አሸዋው ላይ ብደገፈው እንደ ወስፌ ሰርስሮ ገባ፤ እኔም ተከትዬው ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ልጄ ጎማውን አወለቀችና ትልቅ የሳልሳ ጣሳ ክዳን በሚስማር መታችበት። ሰፊ እግር አወጣ፤ መስመጡን ተወ። ከዘራው ተስተካከለ፤ እኔ ግን አሁንም ማዕዘኑ ጋ ስደርስ እመለሳለሁ። ቀኖቹ ይሄዳሉ። ልጄ የእኔን ልብሶች እያጠበች ለብቻ ማስቀመጥ ጀመረች፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ወተት ሻጯ የአፋር ሴት ናት፤ ዘመዶቿ ከደባይሲማ በኩል የሚያመጡላትን የግመል ወተት በየቤቱ ታዞራለች። እኔና እሷ ካልተሰዳደብን ሰላም የተባባልን አይመስለንም። አንድ ጠዋት በራችን ላይ ቆማ መሬቱን ታያለች።

"ማነው እዚህ መጥረጊያ የጎተተው?"

የእኔ ዱካ ነበር፤ በቀኝ የጫማ ቅርፅ፣ በግራ ረጅም ጭረት። ተከትላው እስከ ማዕዘኑ ሄደችና ተመለሰች። እዚያ ጋ አሸዋው ተረጋግጧል፤ መጥቼ፣ ቆሜ፣ ዞሬ የተመለስኩት ሁሉ ይታያል።

"እግርሽ ይሄዳል" አለችኝ። "ለምን ትመለሻለሽ?"

"ብወድቅስ?"

"ብትወድቂ ትነሻለሽ።"

"እንዴት አድርጌ?"

የቀለድኩ መስሏት ልትስቅ ነበር። ፊቴን አየችና ተወችው። የወተት ዕቃዋን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩን ዘጋችና ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋች። ከዚያ ግመል እንዴት እንደሚነሳ አሳየችኝ። በደህናው ጎን ትዞሪያለሽ፤ በክርንሽና በጉልበትሽ ትንበረከኪያለሽ፤ ከዚያ ከኋላ ትጀምሪያለሽ፤ መቀመጫ ወደ ላይ፣ ራስ ወደ ታች። በመጨረሻ በእጅሽ መሬቱን ገፍተሽ ቀጥ ትያለሽ። ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ ግመል የሚነሳው እንዲህ ነው። ለአያት ግን የሚሆን አነሳስ አይደለም።

"ይሄንን ሰው ፊት አላደርገውም" አልኳት።

"ግመል አያፍርም።"

"ያንቺን ግመል እትዬ የሚላት የለም።"

ሳቀች፤ ወተቷን አነሳችና ሄደች። እኔ በሩን መልሼ ዘጋሁ። በርሜሉን ይዤ ቀስ ብዬ ወረድኩና፣ ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዴ መሬት ላይ ተኛሁ። ጣሪያው ይንጣጣል። ዞርኩ፤ ተንበረከክሁ፤ ግራ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎ ብዙ አለፋኝ፤ ብቻ በርሜሉን ጨብጬ ተነሳሁ። ልብሴ በላብ ተጣብቆብኝ ነበር፤ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ልጄ ስትወጣ በሩን እየዘጋሁ፣ መጀመሪያ በበርሜሉ፣ ኋላ በከዘራው፣ በመጨረሻ በባዶ እጄ። አንድ ቀን የረሳችውን ልትወስድ ተመልሳ መቀመጫዬን ወደ ጣሪያው አድርጌ አገኘችኝ።

"እማ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?"

"ወስፌ" አልኳት። እሷም ተንበርክካ አብራኝ ፈለገች።

ወንድ ልጄ ኤሊዳርን አልፏል የሚል ወሬ ሌሎቹ ሾፌሮች አመጡ። ያን ማታ ልጄን ቆርቆሯችንን አሰልፊ አልኳት። ነገ ይደርሳል፤ ለምን ትደክሚያለሽ አላለችኝም። አሰለፈች።

ጠዋት ከዘራዬን በቀኝ፣ ግድግዳዬን በግራ ይዤ ማዕዘኑ ደረስኩ። ያስቸገረኝ ግራ እጄ ነው። ያ ደካማ እጅ ጣውላውን ጨብጦ አልለቅም አለ። ነፋሱ ከባሕር በኩል ይነፍስ ነበር፤ አሸዋው በቁርጭምጭሚቴ ላይ ይሮጣል። ተመለሺ ተመለሺ አለኝ ሆዴ። ብወድቅ እንዴት እንደምነሳ አንድ በአንድ በልቤ ደገምኩት፤ በደህናው ጎን፣ በክርን፣ በጉልበት። ከዚያ ጣቶቼ ሲላቀቁ አየሁ።

ከዘራ፣ ግራ፣ ቀኝ። ክዳኗ አሸዋውን ጠፍ ታደርጋለች፤ እግሬ ይጭራል። እየቀረብኩ ስሄድ ቦኖው ጋ ያሉት ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም እግሬን ያያሉ። ሰው እግርሽን ሲያይ አንቺም ታያለሽ፤ እግርሽን ስታይ ደግሞ መንገዱ ይጠፋሻል። ሰልፉ ጋ ደርሻለሁ ብዬ ቀና ስል፣ ግራ እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ውጭ ዞሮ የመጨረሻውን ቆርቆሮ አጨደው። ቆርቆሮው የፊተኛውን መታ፤ እኔ በሁለቱ ላይ ሄድኩ፤ እነሱ ደግሞ በቀሩት ላይ። ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ነፋሱ ተቀበለው። ሰልፉ በሙሉ እየተንኳኳ በሜዳው ላይ ተበተነ።

አሁን ይሮጡልኛል፣ ያነሱኛል፣ ይላቀሱብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ማንም አልመጣም። ስገልጠው ሁሉም ቆርቆሮውን እያባረረ ነበር።

አሸዋው ጉንጬ ላይ ነበር፤ የማለዳ አሸዋ ቀዝቃዛ ነው። ክርኔ ተልጧል። ሌላ ምንም የሆንኩት ነገር የለም። ያን ሁሉ ጊዜ ከግድግዳ ጋር ያሰረኝ ይሄ ነው እንዴ አልኩ። እዚያው እንደተኛሁ ሳቄ መጣ።

ከዚያ ጭቅጭቁ ተጀመረ። ቆርቆሮውን ይዞ የተመለሰ ሁሉ ፊተኛ ነበርኩ ይላል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ከኋላ የነበረውን ቆርቆሮዋን አምጥታ ቧንቧው ሥር ደቀነችው። በዓይኔ እያየሁ። ውሸት ነው አልኩ ከመሬት። አልሰሙኝም። ቀዩ ነው ፊተኛው ብዬ ጮህኩ፤ ከአሸዋ ላይ የሚነገር ሕግ የሚሰማ የለም። ደሜ ፈላ። በደህናው ጎኔ ዞርኩ፣ በክርኔ፣ በጉልበቴ፤ ነጠላዬ አንገቴ ላይ ወድቋል፤ መቀመጫዬን ወደ ሰማይ አድርጌ፣ በሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ፊት፣ እንደ ግመል ተነሳሁ። ቀና ስል ሰልፉ በሙሉ ያየኛል።

ከዘራዬን አንስቼ ቧንቧው ሥር ያለውን ቆርቆሮ ጠቆምኩ። "እሱን ወደ ኋላ።"

ወሰደችው። ከዚያ አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ማዕዘኑ ላይ ቆሜ ሳለሁ አይቼዋለሁና። ቀዩ፣ ከእሱ ቀጥሎ የዘይት ሥዕል ያለው፣ ከእሱ ሽቦው፣ እያልኩ እስከ መጨረሻው። ማንም አልተከራከረኝም። የእኔን ከዘበኛው ሚስት ቆርቆሮ ኋላ አስደረግሁት፤ ልጄ ማታ ያሰለፈችው እዚያ ነበር፤ እነሱ ግን ባለቤቷ አትመጣም ብለው ጥግ ላይ ገለል አድርገውት ኖሯል።

የዘበኛው ሚስት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"እትዬ፣ ሕጉ በእግሩ ይምጣ ነው የሚለው። አንቺ የመጣሽው በእግርሽ ነው በመቀመጫሽ?"

"በሁለቱም። ሕጉ አይከለክልም።"

ሳቁ ከእሷ ጀመረ። ከዚያ ሁሉም፤ ከዚያ እኔ፤ ክርኔ እየደማ። ተራዬ ሲደርስ ቀዳሁ፤ ቧንቧውን በራሴ እጅ ዘጋሁ። ቆርቆሮውን እሷ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ምን ታደርጊያለሽ ብላት፣ መሸከም በሕጉ የለም፤ ባሌም ያን ጊዜ ተሸክሞልኛል አለችኝ። ይህስ እውነት ነው። ከፊቴ ከፊቴ እየሄደች፣ ባዶውን አሸዋ አቋርጠን ተመለስን። በራችን ላይ ስታወርደው ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀችኝ፤ ልጆቼን፤ ወገቤን።

ልጄ ከቀትር በኋላ መጣ። ቆርቆሮው በር ላይ ነበር፤ እህቱ ከሥራ ተመልሳ ከእሱ ቀድታ ሻይ አፍልታለች። ቀመሰው፤ ጨው የለውም። ከዚያ ክርኔን አየ።

"ወድቀሻል።"

"ወድቄያለሁ።"

"እማዬ፣ እኔ የፈራሁት ይሄንን ነው እኮ።"

"ውላችን ውሃ ስለ መቅዳት ነው። ስለ መውደቅ ያነሳነው ነገር የለም።"

እህቱን አየ። እህቱ፣ እውነቷን ነው፤ ውሃ ነበር የተባለው አለች። እሱ ግን ልቡ አላረፈም፤ ስኒውን ሳይጠጣው ይዞት ቀረ። ብቻሽን ሆነሽ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል አለኝ፤ ድምፁ የሕፃንነቱን ዓይነት ሆነ። ያን ጊዜ ነው ሲሚንቶው ላይ የዋልኩበትን ቀን እንደሚያውቅ የገባኝ፤ እህቱ ነግራዋለች። መልስ ከመስጠት ይልቅ ከዘራዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወረድኩና በሁለቱ ልጆቼ ፊት ሲሚንቶው ላይ ተኛሁ። ሊያነሳኝ ብድግ አለ። ተቀመጥ አልኩት። ከዚያ ተነሳሁ፤ ከኋላ ጀምሬ፣ ሳልቸኩል።

ልጄ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆየ። እህቱ፣ "ለካ ወስፌው ይሄ ነው" አለች። ከዚያ ሁለቱም መሳቅ አቃታቸው፤ ማልቀስም አቃታቸው። እሱ ሻዩን ጨረሰና ድገሚኝ አላት።

ሲሄድ ግድግዳውን ሳልይዝ እስከ ማዕዘኑ፣ ከማዕዘኑም አልፌ መኪናው ድረስ ሸኘሁት። ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ኋላ፣ እኔን ሊያስተኛበት አዲስ የጥጥ ፍራሽ አንጥፎ መጥቶ ኖሯል። ወደ መሪው ሊወጣ ሲል፣ ቆይ ፍራሹን አውርድ አልኩት።

"አልሄድም አላልሽም እንዴ? ታዲያ ፍራሹ ምን ያደርግልሻል?"

"እኔ አልሄድም። እሱ ግን ለእኔ የመጣ ነው" አልኩት። አወረደው።